ከደብረ ብርሃን ሚላኖ፦ የፋሽን ተማሪ ኑሮ እንዴት ይያዛል?

ፋሽን ልማር ብላችሁ ውጭ ለመውጣት የምታስቡ የሰሜን ሸዋ ልጆች መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ስዕል ነው። ስዕል አልችልም፣ ይቀበሉኛል ወይ? ስዕል ይለመዳል፣ ብዙ አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ጊዜና ጨርቅ ማብቃቃቱ ነው። የፋሽን ተማሪ ውሎ አብዛኛው ቆሞ መቁረጥ፣ የሰፉትን ፈትቶ መልሶ መስፋት፣ የፓተርን ወረቀት (ጨርቅ የሚቆረጥበትን የልብስ ቅርጽ) ጠቅልሎ ሜትሮ ውስጥ መጋፋት፣ ከዚያ ደግሞ ኪስ የሚችለው ጨርቅ ፍለጋ መንከራተት ነው። ኢንስታግራም ላይ የምታዩት ከዚህ ሁሉ የተረፈችውን ትንሿን ነው።

እኔ የማውቀው ጣልያንን፣ ያውም ሚላኖን ስለሆነ የምጽፈውም ስለዚያ ነው። ቻይና፣ ቱርክ ወይም ህንድ የምትሄዱ የወረቀቱን ነገር እለፉትና ሌላውን አንብቡ።

ከመሄዳችሁ በፊት እጃችሁን አፍታቱ

ቪዛ እስኪመጣ ቤት ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። ደብረ ብርሃን ልብስ ሰፊ ሞልቷል፤ አንዱን ጋሼ ወይም አንዷን እትዬ ለምኑና አጠገባቸው ተቀመጡ። ቁልፍ እየተከላችሁ፣ ጠርዝ እየዘመዘማችሁ ሥራውን እዩ። ዚፕ መግጠም፣ ኮሌታ መሥራት፣ ገበር ማስገባትና እጅጌ መግጠም ሳትችሉ አትውጡ። እጅጌ ሁሉንም ያስለቅሳል፣ ስለዚህ ለቅሶውን እዚያው በሚያውቋችሁ ሰዎች ፊት ጨርሱት። ሚላኖ ክፍል ውስጥ አጠገባችሁ የሚቆሙት አንዳንዶቹ ሁለተኛ ደረጃን በሙያ ትምህርት ቤት፣ ፓተርን እየሠሩ የጨረሱ ናቸው። አስተማሪው ለእናንተ ብሎ አይቆምም።

ሁለት ነገር ግን ቶሎ መለወጥ አለባችሁ። አንደኛው እግር ነው። በእግር በምትረገጥ ሲንጀር የለመደ ሰው ትምህርት ቤት ያለው የፋብሪካ መኪና ላይ ሲቀመጥ ይደነግጣል፤ በደቂቃ እስከ 5000 ስፌት የሚሄድ አለ። መፍትሔው ቀላል ነው። ክሩን አውጡና በወረቀት ላይ መስመር አስምራችሁ መርፌውን በመስመሩ ላይ አስኪዱት፤ መጀመሪያ ቀጥታ፣ ከዚያ ክብ፣ ከዚያ ማዕዘን። አንድ ሳምንት በትርፍ ሰዓት ይህን ብቻ ብትሠሩ እግራችሁ ልክ ይገባል። ሁለተኛው ትርፍ ጨርቅ ነው። የኛ ልብስ ሰፊዎች ነገ ሰውየው ቢወፍር ይለቀቃል ብለው ወደ ውስጥ ደህና ትርፍ ይተዋሉ። ብልህነት ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ትምህርት ቤት ግን የስፌት ትርፍ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከዚያ ያለፈውን ቆርጣችሁ እንድትጥሉ ትታዘዛላችሁ።

ቀጥሎ ወደ መንዝ ውጡ። መሐል ሜዳም ሆነ ሞላሌ፣ ዘመድ ያላችሁበት ይሁን። ሱፍ ከበጉ ጀርባ ወርዶ ባና ወይም ዝተት የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ እስኪሆን ያለውን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዩት። ሴቶቹ ሲፈትሉ፣ ወንዶቹ ሲሸምኑ ተቀመጡና ጠይቁ። ሱፉ እንዴት ይታጠባል? ጥቁሩ የተፈጥሮ ቀለሙ ነው ወይስ የተነከረ? ድሩ ስንት ክር ነው? ከተሸመነ በኋላ ምን ይደረጋል? አንድ ባና ስንት ቀን ይወስዳል፣ ስንት ይሸጣል? አስፈቅዳችሁ በስልክ ቅረጹ። መዳፍ የሚያክል ናሙና ግዙ፣ በነፃ አትለምኑ። እያንዳንዱ ናሙና ላይ የተሠራበትን ቦታ፣ የሱፉን ቀለምና ዋጋውን ጽፋችሁ ስፉበት።

ይህን ሁሉ የምላችሁ ለባህል ፍቅር ብቻ አይደለም። ውጭ አገር የፋሽን ትምህርት ቤት ስትገቡ፣ ፈረንጅ ያልሆነ ተማሪ ሁሉ ገና በመጀመሪያው ወር "ከባህልህ የሆነ ነገር አምጣ" ይባላል። ብዙዎቻችን የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ፎቶ ከስልክ አውጥተን እናሳያለን። ከዚያ አስተማሪው በሴንቲ ሜትር ስንት ክር እንዳለው ሲጠይቅ ዝም። ናሙና ያለው ሰው ግን ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ሌላው ሰው ይነካዋል፣ ወሬው ከ"ባህል" ወጥቶ ወደ ሥራው ይገባል። የመንዝ በግ ሱፍ ሻካራ ነው፤ ለቆዳ የሚለሰልሰው የሜሪኖ ሱፍ ግን የፀጉሩ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ24 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) በታች ነው። ስለዚህ በባና ጨርቅ ሸሚዝ እሠራለሁ ብትሉ ያሳክካል። ካፖርት፣ ቦርሳ፣ ትከሻ ላይ የሚጣል ነገር ብትሉ ግን ማንም አያሸንፋችሁም። በርኖስ ለምን ለዝናብና ለውርጭ እንደሚለበስ የሚያስረዳ ሰው ስለ ጨርቅ ያውቃል ማለት ነው።

በተረፈ ደግሞ እምቢ ማለትም ልመዱ። አንድ አስተማሪ የሠራሁትን ጃኬት አይቶ "አፍሪካዊ አይመስልም" ብሎኛል። ጃኬት ነዋ! ሁልጊዜ ጥለት የመለጠፍ ግዴታ የለባችሁም። ስለ ዝናብ ልብስ፣ ስለ ሥራ ልብስ፣ ስለ ሕፃናት ልብስ ማሰብ ትችላላችሁ።

ወረቀት

ይሄ ክፍል ያሰለቻል ግን ገንዘቡ ያለው እዚህ ነው። ፋሽን የሚያስተምሩ ስመ ጥር የግል ትምህርት ቤቶች ክፍያቸው የሚቀመስ አይደለም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግን አሉ፦ ሚላኖ ፖሊቴክኒኮ፣ ቬኔዚያ ኢዋቭ፣ ሮማ ሳፒየንዛ። በእነዚህ ክፍያው የቤተሰብ ገቢ እየታየ ይቀንሳል፣ ለዚያ ብቻ ሳይሆን ክልሎቹ ለተማሪ የሚሰጡት የኑሮ ድጋፍም የሚታየው በዚሁ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪው አብዛኛው በጣልያንኛ ስለሆነ ቋንቋውን ቀድማችሁ ጀምሩ።

የቤተሰብ ገቢ ማስረጃ ማለት አባታችሁ ገበሬ ከሆነ ከቀበሌና ከወረዳ የሚጀምር፣ አዲስ አበባ ተተርጉሞ፣ በሰነዶች ማረጋገጫና በውጭ ጉዳይ አልፎ ኤምባሲ የሚያልቅ ወረቀት ነው። ለአንድ ጉዞ 130 ኪሎ ሜትር ብዙ አይደለም፣ ግን አንድ ፊደል ከተሳሳተ እንደገና ትመለሳላችሁ። "ወልደ" እና "ገብረ" ያለበት ስም አንዱ ሰነድ ላይ ተጣብቆ፣ ሌላው ላይ ተለያይቶ ይጻፋል። ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። የትውልድ ቀንም በኛ አቆጣጠር የተጻፈው ወደ ፈረንጁ ሲቀየር 7 ወይም 8 ዓመት እንደሚጨምር እያወቅን፣ ቀኑን ግን በግምት የሚጽፍ ሰው አለ። ራሳችሁ ቁጠሩት።

ሚላኖ ስትደርሱ በ8 የሥራ ቀናት ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ማስገባት አለባችሁ። ሐበሻው ሶጆርኖ የሚለው ነው። ቅጹ ያለው ፖስታ ቤት ነው፣ 16 ዩሮ የሚያወጣ ቴምብርም ትገዛላችሁ። ፖስታ ቤት የሚሰጣችሁን ደረሰኝ እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት፣ ካርዱ እስኪመጣ ወራት ይፈጃልና ወረቀታችሁ እሱ ነው። ኮዲቼ ፊስካሌ የሚሉትን የግብር ቁጥርም ቶሎ አውጡ፤ ያለ እሱ ስልክም ቤትም አታገኙም።

ሻንጣ

መቀሳችሁን በእጅ ሻንጣ እንዳታደርጉት። ስለቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር የበለጠ መቀስ ካቢን አይገባም፣ ጥሩ መቀስ ደግሞ ፍተሻ ላይ ጥሎ መሄድ ያማል። ሽሮና በርበሬ ያዙ። ቅቤና ቋንጣ አትያዙ፤ የስጋና የወተት ውጤት ከውጭ ይዞ መግባት በአውሮፓ ኅብረት ክልክል ነው፣ የእናታችሁ ንጥር ቅቤ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ሲገባ ማየት አትፈልጉም። ያልታጠበ ጥሬ ሱፍም ተዉት፣ የተፈተለና የተሸመነ ብቻ ውሰዱ። አንድ ባና ግን ውሰዱ፣ ለምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ልብስ አታብዙ። የደብረ ብርሃን ልጅ ብርድ ያውቃል፣ ከጥቅምት በኋላ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሲሆን አድገናል። የሚላኖ ብርድ ግን እርጥብ ነው፣ ቀን ፀሐይ ወጥታ አታባርረውም። ይብስ የሚከብዳችሁ የሐምሌ ሙቀት ነው። ሸዋ ሮቢት የሚመስል ሙቀት ውስጥ፣ ንፋስ የሌለው ክፍል ሆናችሁ በእንፋሎት ካውያ ሱፍ ስትተኩሱ ያኔ ትረዱኛላችሁ።

ውሎው

ሰዓት አስተካክሉ። ጣልያን የሚጠቀመው በ24 ሰዓት ነው፣ 14:30 ካላችሁ በኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። በጭንቅላታችሁ ከመቀያየር ስልካችሁ ላይ እነሱ እንደጻፉት መዝግቡት። የአስተማሪ ቀጠሮ አርፍዳችሁ ብትደርሱ የሚቀጥለው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊሆን ይችላል።

የፓተርን ክፍል ቀኑን ሙሉ መቆም ነው። ጠረጴዛው የተሠራው ለቆመ ሰው ነው። ስለዚህ ምቹ ጫማ፤ ሌላው ፋሽን ይቅርባችሁ። ምሳ ቋጥሩ። ውጭ በየቀኑ የምትበሉበት ገንዘብ በወር ሲደመር የአንድ ካፖርት ጨርቅ ነው። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ ጣልያን አገር ብዙም አትቸገሩም፤ ፓስታ በቲማቲም፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር ሁሉ አለ። አይብ ሳይጠየቅ ስለሚነሰነስ "ሴንዛ ፎርማጆ" በሉ። እንጀራ ሲያምራችሁ ፖርታ ቬኔዚያ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች አሉ።

የሙከራ ልብስ ሁልጊዜ በርካሽ ጨርቅ ነው የሚሠራው። የኛ አቡጀዲ የሚመስል ያልነጣ ጥጥ በጥቅል ይሸጣል፣ ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር ተዋጥታችሁ ሙሉውን ጥቅል ግዙት። ፓተርኑን በዚያ ቁረጡ፣ ልብስ መለኪያ አሻንጉሊቱ ላይ አልብሱ፣ በእርሳስ አርሙ፣ ፍቱና እርማቱን ወደ ወረቀቱ መልሱ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜም። ውዱን ጨርቅ የምትነኩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ደረጃ ዘልሎ በቀጥታ ውድ ሱፍ የሚቆርጥ ተማሪ በየዓመቱ አለ፣ በየዓመቱም ዋጋውን ይከፍላል።

ጨርቅ ስትፈልጉ "ስካምፖሊ" ብላችሁ ጠይቁ፣ ከጥቅል መጨረሻ የተረፈ ቁራጭ ነው። ማክሰኞና ቅዳሜ ፓፒኒያኖ መንገድ ላይ የሚቆመው ገበያም ይረዳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን አሮጌ ካፖርት ነው። ልባሽ ልብስ ሱቅ ገብታችሁ ትልቅ ቁጥር ያለውን የወንድ ካፖርት ፈልጉ፤ ጨርቁም፣ ገበሩም፣ ቁልፉም ደህና ሆኖ ይገኛል። ፍቱት፣ እጠቡት፣ ተኩሱት። ስትፈቱት ደግሞ ሰፊው ውስጡን እንዴት እንደሠራ ታያላችሁ፣ ይህን ማንም ክፍል ውስጥ በዚያ መጠን አያሳያችሁም። ፕራቶ የምትባለው ከተማ በዚህ ነው ስሟ የወጣው፣ አሮጌ ሱፍ ሰብስባ መልሳ ክር በማድረግ።

ነጋዴው "ንጹሕ ሱፍ ነው" ሲላችሁ ከጫፉ ጥቂት ክር ምዘዙና ቤት ወስዳችሁ አቃጥሉት። ሱፍ ፀጉር ሲቃጠል የሚሸተውን ይሸታል፣ እሳቱም ቶሎ ይጠፋል፣ አመዱ ሲነካ ይፈርሳል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል። ፖሊስተር ይቀልጥና ደርቆ ጠንካራ ዶቃ ይሆናል። የተደባለቀ ከሆነ ሁለቱንም ታያላችሁ። መስኮት ክፈቱ፣ አጠገባችሁ ውሃ ይኑር፣ የቤቱ ጭስ መቆጣጠሪያም አይጩህባችሁ።

ከአገር ቤት የመጣ ሽመና የምትጠቀሙ ከሆነ ስፋቱን አስቡ። የፋብሪካ ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ወርዱ 140 ወይም 150 ሴንቲ ሜትር ነው። የእጅ ሽመና ጠባብ ነው፣ ለዚህ ነው ነጠላም ጋቢም እየተጋጠመ የሚሰፋው። ስለዚህ ፓተርናችሁን ከመጀመሪያው በጠባብ ቁራጮች ንደፉት፣ መጋጠሚያውን መደበቅ ትታችሁ የዲዛይኑ አካል አድርጉት። ከመቁረጣችሁ በፊት ደግሞ እጠቡት። የእጅ ፈትል ይሰበሰባል።

ፊት ለፊት መናገር

ብዙ የኛ ልጆች የሚወድቁት በሥራቸው ሳይሆን በአፋቸው ነው። በየሳምንቱ ሥራችሁን አስተማሪና ተማሪ ፊት ታቀርባላችሁ። እኛ ደግሞ በትልቅ ሰው ፊት አንገት ደፍቶ፣ ድምፅ ቀንሶ፣ "ብዙም አይደለም" ማለትን ጨዋነት ብለን አድገናል። እዚያ ግን ብዙም አይደለም ካላችሁ ያምኗችኋል! ጉራ መንዛት አያስፈልግም። ከማቅረባችሁ በፊት ባለው ማታ ጥቂት ዓረፍተ ነገር በጣልያንኛ ጻፉና ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ፦ ባለፈው ምን ተባልኩ፣ ምን ቀየርኩ፣ አሁን የማላውቀው ምንድን ነው። የመጨረሻዋ ጥያቄ ጠቃሚ ናት፣ አስተማሪውን ከመተቸት ወደ ማገዝ ታመጣዋለች። አይቶ ያፈረሰባችሁን ደግሞ ወዲያው አትከራከሩ፣ ጻፉት፤ ሁለት ቀን ቆይታችሁ ስታነቡት ግማሹ ትክክል ሆኖ ይገኛል፣ ግማሹን ትጥሉታላችሁ።

የንድፈ ሐሳብ ፈተናዎችም፣ የፋሽን ታሪክን ጨምሮ፣ ብዙዎቹ በቃል ናቸው። ውጤት የሚሰጠው ከ30 ነው፣ ማለፊያው 18። የተሰጣችሁ ቁጥር ካልጣማችሁ አብዛኛውን ጊዜ አልቀበልም ብላችሁ ሌላ ቀን መፈተን ትችላላችሁ። ግን የኑሮ ድጋፍ የምታገኙ ከሆነ በዓመት መሟላት ያለበት የክሬዲት ልክ አለ፣ እሱን ሳትቆጥሩ ውጤት አትመልሱ።

ማታ፣ ሥራ፣ ቤተሰብ

የምትኖሩት ከሰው ጋር ክፍል ተጋርታችሁ ነው የሚሆነው። የስፌት መኪና ደግሞ ሌሊት ግድግዳ ያንቀጠቅጣል፣ የታችኛው ጎረቤት በመጥረጊያ ጣሪያውን ይደበድባል። ባናውን የምታወጡት ያኔ ነው። አራት አጥፋችሁ መኪናው ሥር አንጥፉት፣ ድምፁ በጣም ይቀንሳል። እንዲያም ሆኖ ሌሊት የእጅ ሥራ፣ ቀን የመኪና ሥራ ብላችሁ ከፋፍሉት፤ ጠርዝ፣ ቁልፍ፣ ጥልፍ ለማታ ይቆይ።

በተማሪ ፈቃድ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል። ውል ያለው ሥራ ፈልጉ፣ ያለ ውል የሚያሠራ ሰው ክፍያችሁን ሲከለክላችሁ የምትከሱበት ወረቀት የላችሁም። ልብስ ማስተካከያ ቤት ከተገኘ ከምግብ ቤት ይሻላል፣ ሱሪ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር እጅ ያፈጥናል። የሴቶች ፋሽን ሳምንት በየካቲትና በመስከረም አካባቢ ነው፣ ከመድረክ ጀርባ ሞዴል የሚያለብሱ ተማሪዎች ይፈለጋሉ። ሂዱ። የልብሱን ውስጡን ታያላችሁ፣ ግማሹ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ እንደሚወጣም ታውቃላችሁ።

ቤተሰብ ጋ ስትደውሉ ሰዓቱን አስቡ። በጣልያን የብርድ ወራት ደብረ ብርሃን በ2 ሰዓት ትቀድማለች፣ በሙቀቱ ወራት በ1። ማታ ከትምህርት ስትገቡ እዚያ ተኝተዋል፣ የምሳ ሰዓት ይሻላል። ጥያቄውም ይመጣል፦ "ልብስ ሰፊ ለመሆን ጣልያን ድረስ መሄድ ምን ያስፈልጋል?" አትናደዱ፣ ለማብራራትም አትድከሙ። የጨረሳችሁትን ልብስ ፎቶ ላኩ፤ መጀመሪያ ያስተማሯችሁ ልብስ ሰፊም ጋ ይድረስ፣ እሳቸው የእጅጌውን ስህተት ከአስተማሪያችሁ ቀድመው ያዩታል። ጂንስና ጫማ ላኩልን የሚለውንም በጊዜ አንድ ጊዜ፣ በግልጽ፣ የምትኖሩበትን የወር ሒሳብ ተናግራችሁ ጨርሱት።

የመመረቂያ ሥራችሁን በመንዝ ሱፍ ልትሠሩ ካሰባችሁ ግን ክረምት ላይ ለእረፍት መጥቼ አሠራለሁ አትበሉ። ሐምሌና ነሐሴ ሸማኔው እርሻ ላይ ነው፣ መንገዱም ጭቃ ነው። አዝመራ ከገባ በኋላ፣ ከጥር ጀምሮ እዘዙ። ክንድ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ልኩን በክንድ አትናገሩ፤ በሜትር ገመድ የሚለካ ዘመድ ይላክ፣ ከመሸመኑ በፊት የክሩን ናሙና በቀን ብርሃን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፣ ግማሹን ክፍያ በቴሌብር አስቀድሙ፣ እናንተ ከምትፈልጉት ላይ ደግሞ አንድ ሜትር ጨምራችሁ እዘዙ።